የጋሼ አውራ ጣት

ጋሼ የላይኛው የፊት ጥርሳቸው ተሰንጥቆ የሕክምና ወንበሩ ላይ ሲዘረጉ እንኳ ማዘዙን አልተዉም። «ዛሬውኑ ነቅለሽ ዛሬውኑ የአዲሱን ጥርስ ማቆሚያ ብሎን ትተክዪልኛለሽ» አሏት የወንድማቸውን ልጅ። «ነገ የክሊኒኩ በዓል ላይ ንግግር አለብኝ። ጥርሰ ወላቃ ሆኜ መድረክ ላይ አልወጣም!»

ክሊኒኩ የእሳቸው ነው። እሷንም አስተምረው ጥርስ ሐኪም ያደረጓት እሳቸው ናቸው። እዚያ ቤት ከታካሚ በቀር እሳቸው ፊት አፉን የሚከፍት ሰው አልነበረም።

ጋሼ የመንጋጋ አጥንት የሚመረምሩት በአውራ ጣታቸው ነው። ድዱን ጫን፣ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጉና «አለ» ወይም «የለም» ይላሉ፤ አለቀ ደቀቀ። አጥንቱን ከየአቅጣጫው የሚያሳየውን አዲሱን የራጅ ማሽን «የደንበኛ ማማለያ» ነው የሚሉት። ያን ዕለትም «እስቲ ደስ ይበልሽ» ብለው ራጁን ከተነሡላት በኋላ የገዛ ከንፈራቸውን ገልበው ጫኑና «አለ። ድንጋይ ነው!» አሉ።

እሷ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። ማሽኑ ጥርሱን እንደ ዳቦ በስሱ ቆራርጦ አሳይቷታል። በስተኋላ ደህና አጥንት አለ። በከንፈሩ በኩል ግን ሥሩን መሸፈን የነበረበት ስስ ግድግዳ ከነጭራሹ የለም። የጋሼ አውራ ጣት አጥንት ብሎ የዳሰሰው የራሱን የጥርሱን ሥር ነው።

«ጋሼ፣ ዛሬ አልተክልም።»

«ምን አልሽ?»

«የነኩት የጥርሱን ሥር ነው። ስነቅለው ድንጋይዎም አብሮት ይወጣል። ዛሬ ብሎን ብተክል ድድዎ ሸሽቶ ብረቱ ይታያል። መጀመሪያ አጥንት እንሙላበት፣ እስኪጠነክር እንጠብቅ። ለነገው ተነቃይ ጥርስ አዘጋጅቼልዎታለሁ።»

«ተነቃይ? ለእኔ?» ከወንበሩ ቀና አሉ። «መንቀያ አያያዝ ያሳየሁሽ እኔ! ዛሬ ካልተከልሽ ከነገ ጀምሮ እዚህ ቤት ዝር እንዳትዪ!»

አጠገባቸው የቆመችው ነርስ ኮርኒሱ ላይ የምታየው ነገር አገኘች። ሐኪሟ ፈራች፤ መፍራቷም አናደዳት። ሥራዋም አጎቷም በአንድ ቃል ሊሄዱባት ነው። ቢሆንም በዚህ እጇ የማታምንበትን ብሎን አታስገባም።

«እሺ፣ ነገ ዝር አልልም» አለች። «ዛሬ ግን ሐኪምዎ እኔ ነኝ። ይክፈቱ።»

ጋሼ ተቆጥተው ይሁን ተደንቀው እንጃ፣ ከፈቱ።

አደንዝዛ፣ ሳትቸኩል፣ ሥሩን ቀስ አድርጋ አወጣችው። ከዚያ አጥንት መሙያውን ከማንሣቷ በፊት ጓንት አጠለቀችላቸውና አውራ ጣታቸውን ይዛ እዚያው ቦታ ላይ መለሰችው።

«ይጫኑ።»

እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ጫኑ። ድዱ እሺ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ጋሼ ጣታቸውን ሳያነሡ ብዙ ቆዩ።

«የለም» አሉ።

ሞልታ፣ ሰፍታ ስትጨርስ ጋሼ ፋሻ በነከሰ አፋቸው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተናገሩ። «በጣቴ ብቻ እየዳሰስኩ የተከልኩላቸውን ሰዎች ከነገ ጀምረሽ ጥሪያቸው። አንድ በአንድ ራጅ ይነሡ።»

ጓንቷን አውልቃ ጣለች። «ከነገ ጀምሮ ዝር እንዳትዪ ብለውኛል እኮ።»

«አንቺ ደግሞ» አሉ ጋሼ፣ «መቼ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ?»