ከጉድጓዱ የተወረወረች ኳስ

ሰርክአዲስ እስከ ትከሻዋ ጉድጓድ ውስጥ ቆማ ኳሷን ወረወረች። የካልሲ ኳስ ናት፤ ያረፈችበት ሣር ላይ ምልክት እንድትተው በከሰል ዱቄት ተለውሳለች። ምንይችል በስልኩ ሰዓት ይይዛል።

መጀመሪያ ሜዳው ላይ ቆመው ነበር የሚወረውሩት። ለቤት ሥራ የተሰጣቸው የፍጥነት ስሌት አልገጥም ሲል እሷ ቀመሩን ከነፈጣሪው ረገመችው። ስህተቱን ያገኘው ምንይችል ነው፦ ቀመሩ ከመሬት ተነስታ መሬት ለምታርፍ ኳስ ነው፤ እሷ ግን የምትለቃት ከትከሻዋ ነው። አባቱ ለከሰል ማክሰያ የቆፈሩት ጉድጓድ ውስጥ አስገባት።

"አሁን ትከሻሽ ከመሬት እኩል ሆነ።"

"መቃብሬን አስለካኸኝ በለኛ።"

ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ መምህር አድማሴ ከጥርባ ከተማ በእግራቸው እየመጡ በነጻ ያስጠኗቸዋል። ተማሪዎቹ ብዙ ነበሩ። አንዱ ጫግኒ ወረደ፣ አንዷ ተዳረች፣ ሌላው ወሬውም ጠፋ። የቀሩት እነሱ ሁለቱ ብቻ ናቸው። መምህሩ፣ ለአንድ ተማሪ ከሆነስ ጉልበቴም እሺ አይለኝ፣ ብለው ቁርጡን ነግረዋቸዋል።

ርቀቱን ለክተው ከጊዜው ጋር ቀመሩ ውስጥ አስገቡት። ፍጥነቱ ወጣ፤ ደግመው ቢወረውሩም ገጠመ። ሰርክአዲስ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ምንይችል ጉድጓዱን እያየ ነበር።

"ሰኞ እንጨቱ ይገባበታል" አላት።

"ሌላ ጉድጓድ እንፈልጋለና።"

"አባየ ወገቡን ታሟል። ከእንግዲህ ከሰል አክሳዩ እኔ ነኝ፤ ጥናቱ ለኔ አበቃ።"

ጭሱን በፈረቃ እጠብቅልሃለሁ ብላ ለመነችው።

"ሽሮ የምታሳርሪ ልጅ! ባንቺ እጅ ከሰሉ አመድ ነው የሚሆነው።"

ሳቁ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። እጇን ይዞ ጎትቶ አወጣት፤ የሁለቱም መዳፍ ጠቁሯል። ኳሷን ስትሰጠው አልተቀበላትም።

ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጥታ መምህሩ ጋ ደወለች። ምንይችል ትንሽ አሞት ነው ብትል ነገም ይመጣሉ፤ ከነገ ወዲያም ይመጡ ይሆናል። ውሸት ደግሞ አይቸግራትም።

"እህ፣ መልሱ ወጣ?" አሉ ገና ስልኩን ሲያነሱ።

"ወጥቷል ቲቸር። ምንይችል ነው ያወጣው።"

"ጎሽ! ነገ ከባዱን ይዤላችሁ እመጣለሁ።"

ዳገቱን እያነከሱ ሲወጡ በዓይነ ህሊናዋ ታዩዋት። በከሰላም እጇ ፊቷን ጠረገች።

"ነገ አይምጡ፣ ቲቸር" አለች።