ከቀዩ ሥር ያለው ሰማያዊ

ቱሉ ጊታሩን ያወቀው በቀለሙ ነው።

የቀበሌው ኪነት ኃላፊ ጓድ ግዛቸው በነሐሴ ዝናብ መሐል በጆንያ ጠቅልሎ ጋራዡ ድረስ አመጣውና፣ "ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ቀልቶ መታየት አለበት። እንዲህ የታጠበ ቀሚስ መስሎ መድረክ አይወጣም" ብሎት ሄደ። እውነትም ቀዩን ቀለም ፀሐይ መጦታል፤ ጠርዝ ጠርዙም ተላልጧል። ቱሉ ዊንጌት አጠገብ ማኪና ሲቀባ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ጊታር ከማኪና በር አይከብድም ብሎ ክሮቹን ፈታ። የብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ ነክሮ ሁለት ጊዜ ሳብ እንዳደረገ ግን ከቀዩ ሥር ሰማያዊ ብቅ አለ። እጁ ቀጥ አለ።

ያንን ሰማያዊ የበጠበጠው ራሱ ነበር። ከአንድ ዶክተር ቮልስ ማኪና የተረፈ ቀለም ላይ ጥቂት ነጭ ጠብ አድርጎ፣ ለጓደኛው ለአማን። አማን ጊታሩን በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ አስቀባና፣ በአንድ እሑድ ጉባኤ ፊት ቆሞ "ከዛሬ ጀምሮ የጌታ ነው፣ የኔ አይደለም" ብሎ ለመዘምራኑ ሰጠው። ቱሉም ከመዘምራኑ አንዱ ነበር።

በ1970 ቸርቻቸው ሲታሸግ አብዮት ጠባቂዎች ጊታሩን ከአማን ቤት አገኙት። ቱሉን ጠርተው "የማን ነው?" አሉት። የግለሰብ ከሆነ እንደሚተውት፣ የቸርች ከሆነ እንደሚወርሱት ያውቃል። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ነገር ግን አማን ጉባኤ ፊት ያለውን በጆሮው ሰምቷል፤ ለእግዚአብሔር የተሰጠውን የሰው ነው ማለት አንደበቱ እንቢ አለው። "የመዘምራኑ ነው" አለ። ጊታሩ ተወረሰ። አማን ስምንት ወር ታስሮ ወጣ። ለምን እንደታሰረ ቱሉ አልጠየቀም፤ ያን ጊዜ ሰው ለመታሰር ምክንያት አያሻውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በአማን ደጅ ላለማለፍ በታችኛው ድልድይ ዞሮ ቤቱ ይገባል። ስድስት ዓመት።

አሁን አማን ሳያየው ሰማያዊውን መፋቅ ሁለተኛ በደል መሰለው። ወረቀቱን ጣለና፣ አማን ከእንጦጦ የሚወርድ አጣና ወደሚሸጥበት ግቢ ሄደ።

"ጠፋህ፣ ቱሌ" አለ አማን አጣናውን እየደረደረ። "ታችኛው ድልድይ እንዴት ነው፣ ደህና ነው?"

ቱሉ ፊቱ ጋለ። "አንድ የማሳይህ ነገር አለ፤ ና።"

ጋራዡ ውስጥ አማን ጊታሩን ሲያይ አልነካውም። ቆይቶ አውራ ጣቱን ሰማያዊው ላይ አሳረፈ።

"የዶክተሩ ቮልስ መዘመር ጀመረች እያልን ስንስቅ..." አለ።

"አማን፣ የመዘምራኑ ነው ያልኳቸው እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ካንተ በፊት እኔን ጠይቀውኝ ነበር። 'የራሴ ነው' አልኳቸው። ያንተን ቃል ይዘው ተመለሱና፣ 'ከሁለታችሁ አንዱ ዋሽቷል' አሉኝ። ስምንቱን ወር የታሰርኩት ለዚያች ውሸቴ ነው።"

ቱሉ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ቁጭ አለ። "እኔ ነኛ ያሳሰርኩህ!"

"አንተማ እውነቱን ተናገርክ። ጉባኤ ፊት የሰጠሁትን መልሼ የራሴ ያልኩት እኔ። አንተ በታች ስትዞር እኔም እፎይ እል ነበር። በምን ዓይኔ አይሃለሁ?"

ዝናቡ የጣሪያውን ቆርቆሮ ይደበድባል።

"ሰማያዊው ሥሩ ይቆይ?" አለ ቱሉ። "ቀዩን ከላይ ልደርበው። ማንም አያውቅም።"

"ሳይፋቅ የተደረበ ይይዛል?"

"እ... አይይዝም። ሁለት ክረምት አይዘልቅም።"

"እንግዲያው ፋቀው። በኔ የተነሳ ሥራህን አታበላሽ።" አማን ኮቱን ጭንቅላቱ ላይ ደርቦ በሩ ላይ ሲደርስ ዘወር አለ። "ሐሙስ ከሥራ በኋላ ቤት ና። ሰባት ስምንት ሆነን እንጸልያለን። ሁለቴ ብቻ አንኳኳ።"

ቱሉ እንጨቱ እስኪታይ ፋቀው። ሰማያዊው ውኃ በሲሚንቶው ላይ ተንኳልሎ ቦይ ገባ። ቀዩን ሦስት እጅ ቀባው።

"እንዲህ ነው እንጂ!" አለ ጓድ ግዛቸው ሲረከበው። "ፊቴ ይታይበታል እኮ!"

ሐሙስ ቱሉ በላይኛው መንገድ ሄደ። መንገዱ እንዲህ አጭር መሆኑን ረስቶት ኖሯል። አማን ቤት ውስጥ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዷል፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፃቸውን ውጠው ይዘምራሉ፤ በጭብጨባ ፈንታ በሁለት ጣት መዳፋቸውን ይመታሉ። አማን ግን አያጨበጭብም። ግራ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ጣቶቹን ጫን፣ ለቀቅ፣ ዝቅ፣ ከፍ ያደርጋል። ቱሉ መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ አልገባውም። ጣቶቹ የሌለውን ጊታር እንደሚጫወቱ ሲገባው፣ ጥፍሩ ሥር የቀረው ሰማያዊ እንዳይታይበት እጁን ኪሱ ከተተ።