በገብረየስ ግድግዳ ላይ የቀረው ባዶ ቦታ

ባላምባራስ አሥራት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲገቡ ጫማቸውን ደጅ አወለቁ፤ ንዴታቸውን ግን ይዘውት ገቡ።

"ገብረየስ! እስቲ ከዚያ መሰላል ውረድ።"

ሠዓሊው ገብረየስ ብሩሹን በጨርቅ ጠርጎ ወረደ። ሰበታ ከመጣ ወዲህ ይህንን የመቅደስ ግድግዳ ሲሥል ነው የከረመው። ዓይኑ እየደከመ ስለሆነ ከዚህ በኋላ ሌላ ግድግዳ እንደማይሠራ ያውቃል። የቀረው የገሃነሙ ጥግ ብቻ ነበር። ወጪውን የቻሉት ባላምባራስ ናቸው፤ እንደ ደንቡም ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው፣ ስማቸው ከጎናቸው ተጽፎ፣ ምሕረት ሲለምኑ ተሥለዋል።

"እዚያ እሳቱ ውስጥ አንድ ሰው አድርግልኝ" አሉ በጣታቸው እያመለከቱ። "ከግንባሩ እስከ ጉንጩ የበሬ ቀንድ የቀደደው ጠባሳ ያለው።"

ገብረየስ ማንን እንደሚሉ ገባው። ፉሪ ላይ በመሬት የሚሟገቷቸው ገበሬ፣ ኦቦ ኢቲቻ፣ እንዲህ ያለ ጠባሳ አላቸው። ሙግቱ ዙፋን ችሎት ደርሷል።

"በጎን ፊቱ፣ በአንድ ዓይን አድርገው። ኃጥእ እንዲያ አይደል የሚሣለው?"

"እንዲያ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ግን እዚያ አይገባም።"

"ማን ከለከለ?"

"ሙያው። በሕይወት ያለ ሰው የሚሣለው እንደ እርስዎ ተደፍቶ ነው። ገና ንስሐ የመግባት ጊዜ አለዋ! ፍርዱ የእኔ አይደለም፤ የእርስዎም አይደለም።"

"ምን የሚሉት ሙያ ነው! ቀለሙ የእኔ፣ ሥዕሉ ያረፈበት አቡጀዲ የእኔ!"

"ቀለሙ የእርስዎ ነው፣ ባላምባራስ። እጁ ግን ያስተማሩኝ ሰዎች አደራ ነው።"

"እስከ እሑድ አስብበት። እምቢ ካልክ ሌላ ሰው ይጨርሰዋል።"

ወሬው ፉሪ ለመድረስ አልዘገየም። በማግሥቱ ኦቦ ኢቲቻ ራሳቸው ጭቃውን ረግጠው መጡ።

"አካም ቡልተን፣ ሠዓሊው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ይግቡ ኦቦ።"

ሽማግሌው ባዶውን ጥግ አይተው ሳቁ። "የእኔ ቦታ ይሄ ነው? ይሣሉኝ እንጂ! ዕድሜዬን በሙሉ ፀሐይ ሲያቃጥለኝ ኖሬ ቀለም አያቃጥለኝም። በእኔ ምክንያት ሥራዎን አይጡ።"

"አይሆንም።"

"ፈቀድኩ እያልኩ?"

"ቢፈቅዱም አይሆንም።"

ኢቲቻ ጠባሳቸውን በጣታቸው ዳበሱ። "እንግዲያው እሳቸውን ያስገቡልኝ። ሆዳቸውን ሰፋ አድርገው።"

ገብረየስ ሳቁ አመለጠው፤ ራሱን ግን ነቀነቀ። "እሳቸውንም አልሥልም።"

"ዋቃዮ! ታዲያ እርስዎ የማን ወገን ነዎት?"

"የግድግዳው።"

ሽማግሌው ሳቃቸው ቆመ። መቅደሱን ተሳልመው ወጡ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባላምባራስ ደጀ ሰላሙ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ጠየቁት።

"አሰብክበት?"

"አስቤያለሁ። ቃሌ ያው ነው።"

"እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ መሰላሉን እንዳትነካ!"

ገብረየስ ብሩሾቹን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ሸጎጠና ሰውን ሁሉ እጅ ነስቶ ወጣ። ቤቱ ሲደርስ ግን መብላት አልቻለም። ያንን ጥግ ሳይሞላ መሞት ከብዶት ነበር።

ባላምባራስ ከሱሉልታ ደቻሳ የሚባል ሠዓሊ አስጠሩ። ደቻሳ ጥጉን አየና "ማን ነው እንዲህ የተወው?" አለ።

"ገብረየስ።"

"የኔታ? ለምን?"

ነገሩት። ደቻሳ ያወረደውን ሣጥን መልሶ አነሣ። "እሳቸው እምቢ ያሉትን እኔ ብሠራ በምን ዓይኔ ላያቸው ነው? አውቶቡሱ ሳያመልጠኝ ልሂድ።"

ከቡራዩ የመጣው ሌላ ሠዓሊም እንደዚያው ሣጥኑን ይዞ ተመለሰ። በዚያ አካባቢ ብሩሽ የያዘ ሁሉ ወይ የገብረየስ ተማሪ ነው፣ ወይ የተማሪው ተማሪ። ባላምባራስ ተራገሙ፤ ጥጉ ግን ነጭ እንደሆነ የንግሥ በዓሉ ደረሰ።

በበዓሉ ዕለት ገብረየስ እንደ ማንኛውም ምእመን ነጠላውን አጣፍቶ ከግድግዳው ፊት ቆመ። አጠገቡ የቆሙ አንዲት ሴት ከእሳቱ መሐል ባዶውን ቦታ አይተው ተገረሙ።

"አባቴ፣ ምነው ይሄንን ሳይጨርሱት ተዉት?"

ገብረየስ የደከመ ዓይኑን አጥብቦ ጥጉን አየ። በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሣሉትን ባላምባራስንም አየ። ከሕዝቡ ኋላ ኦቦ ኢቲቻ አንገታቸውን አስግገው ይሰማሉ።

"ጨርሼዋለሁ፣ እመት" አለ፣ ከፊት የቆሙት ባላምባራስም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ።