ትንሽ እንጠብቅ

"የወር አበባሽን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው?" አለች ሲስተሯ ጓንቷን እያወለቀች።

ሴትየዋ ቀኑን አላስታወሰችም። በምትሠራበት ሆቴል ላውንደሪ "ተኳሿ" ይሏታል፤ የምትተኩሰው ግን አንሶላና የትራስ ልብስ ብቻ ነው። ለእሷ ቀን የሚለየው በሚመጣው የልብስ ክምር እንጂ በካላንደር አይደለም።

"እህቴ ከሞተች ወዲህ አንዴ መጥቶ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ጠፋ።"

"እርግዝና የለም ነው የሚለው ምርመራው። ደግመነዋል፣ ያው ነው።"

ባሏ የጭነት መኪና ይዞ ሲመላለስ፣ እሷ ልጅ ስትጠብቅ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ሊከፋት ይገባ ነበር። አልከፋትም፤ ፈራች።

የታላቅ እህቷም ነገር እንዲሁ ነበር የጀመረው። የወር አበባዋ ቀረ፣ ሆዷ ገፋ፣ ቤቱ በደስታ ሞላ። ሐኪም ቤት ውሰዷት ያለ አንድም ሰው አልነበረም። እናታቸው "ማርገዝ በእሷ አልተጀመረ፤ ትንሽ እንጠብቅና ሲገፋ ትሄዳለች" አለች፤ ሁሉም ተስማማ። የገፋው ግን ልጅ ሳይሆን ዕጢ ነበር፤ ሐኪም ሲያየው ጊዜው አልፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተኳሿ በካውያው እንፋሎት መሃል እህቷን ታያታለች፤ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ፣ ደስ ብሏት። ደስ ብሏት መታየቷ ነው የሚያስፈራት።

"ሲስተር፣ እንግዲያው የእህቴ በሽታ ነዋ።"

"ቆይ፣ ሳትሞቺ ራስሽን አትቅበሪ። ለመሆኑ ትበያለሽ?"

"አይወርድልኝም።"

"ከስተሻል?"

"ቀሚሴ ሁሉ ሰፍቶኛል።"

"እንቅልፍስ?"

"የሌሊት ፈረቃ ነኝ። ቀን ልተኛ ስል ደግሞ እሷ ትመጣለች።"

"የእርግዝና መከላከያ መርፌ ወይ ሌላ መድኃኒት ወስደሻል?"

"ኧረ ምንም።"

ሲስተሯ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ቀረበቻት። "ስሚኝ፣ የወር አበባ የሚዘገየው በእርግዝና ብቻ አይደለም። ሐዘን ያዘገየዋል። አለመብላት፣ መክሳት፣ እንቅልፍ ማጣት ያዘገየዋል። አንገት ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ ስትዛባም ይቀራል። የእንቁላል ማፍሪያ ችግርም ይኖራል። አንዳንዱ በራሱ ይስተካከላል፣ አንዳንዱ መታከም አለበት። አሁን ሳላይ ምንም የለብሽም ብልሽ ዋሸሁሽ። ደምሽ ይመርመር፣ አልትራሳውንድም ተነሺ።"

"ክፉ ነገር ብታገኙብኝስ?"

"ካለ በጊዜ መገኘቱ ነው የሚሻለው።"

የፈሩት ይደርሳል የሚለው ተረት ጆሮዋ ላይ ጮኸባት። "ላስብበትና እደውላለሁ" ብላ ቀጠሮ ሳትይዝ ወጣች። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ወደኋላዋ ዞር ብላ አየች፤ የእህቷ ኮቴ ይመስል የነበረው የራሷ ጫማ ነበር።

እቤት ስትገባ እናቷ አልጋው ላይ የሕፃን ልብስ ዘርግታ ጠበቀቻት። ትንንሽ ካልሲ፣ ቢጫ ኮፍያ፣ እጅጌው ጣት የሚያክል ሹራብ። እህቷ በደስታዋ ጊዜ የገዛቻቸው ናቸው። እናቷ ከቀብሩ በኋላ "ለሰው ሰጠኋቸው" ብላ ነበር።

"ደበቅሽኝ አይደል?" አለች እናቷ፣ ፊቷ እንደ ድሮው በርቶ። "መሳቢያው ውስጥ ያለው ሞዴስ እንደታሸገ ነው። እኔን ልታታልይ? ፈጣሪ ሳይደግስ አይጣላም፤ አንዷን ወስዶ አንድ ሊክሰኝ ነው። እዪ፣ ሁሉንም አጥቤያቸዋለሁ። አልተኮስኳቸውም፣ አንቺ ይሻልሻል ብዬ።"

ተኳሿ ኮፍያውን ልታነሳ እጇን ዘርግታ መለሰችው። ያንን የበራ ፊት ማጥፋት ከሞት ባልተናነሰ ከበዳት።

"እማዬ፣ እርጉዝ አይደለሁም። ከምርመራ ነው የመጣሁት።"

"እቴ፣ ማሽን ይሳሳታል።"

"ደግመውታል።"

"ገና ነዋ እንግዲህ። ትንሽ እንጠብቅና ሲገፋ..."

ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። ሁለቱም ሰሙት። እናቷ እጇን ከልብሶቹ ላይ አነሳች፤ የት እንደምታደርገው ግን አላወቀችም። ተኳሿ ከቀብሩ ወዲህ በእናቷ ተቀይማ እንደኖረች የገባት ያኔ ነው፤ እናቷም ያንን ቃል አንድ ቀን እንኳ ሳትረሳው እንደኖረች ገባት።

"ሐዘንና አለመብላትም ያስቀረዋል ብላኛለች ሲስተሯ" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ሌላም ሊሆን ይችላል። መታየት አለብኝ።"

"አትሂጂ ልጄ" አለች እናቷ። "ከታየሽ ያገኙብሻል። ካልታየሽ የለም። እኔ ሁለተኛ ልጅ የምቀብርበት አቅም የለኝም።"

"እኔም ፈርቻለሁ እማዬ። ከአንቺ በላይ ነው የፈራሁት።"

እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ተኳሿ አጠገቧ ቁጭ ብላ ስልኳን አወጣችና ክሊኒኩ ጋ ደወለች። የስልክ ተቀባይዋ ድምፅ ፈጣን ነበር፤ ለምን እንደሆነ ጠየቀች፣ ነገ ጠዋት እንደሚመቻቸው ነገረቻት።

"አብሮሽ የሚመጣ ሰው አለ?"

ተኳሿ ወደ ግድግዳው የዞረውን ጀርባ አየች።

"አዎ" አለች፣ ሳትጠይቃት። "እናቴ ትመጣለች።"