ግራ ጥግ ላይ ያለው አዝማሪ

1

አንድ ዓይን።


2

ዓይኑ አንድ የሆነው ሌላው ጠፍቶበት አይደለም፤ ሠዓሊው በጎን ስለሳለው ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ፊት ለፊት ይሳላሉ፣ በሁለት ዓይናቸው ያያሉ። ኃጥአን ግን በጎን ይሳላሉ፤ የሚደርሳቸው አንድ ዓይን ብቻ ነው። ይህን ሕግ እቴነሽ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስትናገረው ኖራለች።

እቴነሽ የሙዚየም አስጎብኚ ናት። የከተማዋን ስም አልጽፍም። ከጻፍኩ ሄዳችሁ ትጠይቋታላችሁ፣ እሷ ደግሞ ይህን ታሪክ ከኔ አሳምራ ትነግራችኋለች፣ እኔም ሥራ ፈት ሆኜ እቀራለሁ።


3

(የአስጎብኚዋ ገለጻ፣ ቃል በቃል። መቶ ጊዜ ብትሰሙት መቶ ጊዜ ይኸው ነው።)

እቴነሽ፦ እንግዲህ ይህ የቃና ዘገሊላ ሠርግ ነው። በሸማ ላይ ተስሎ አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ እንደገና ሲሠራ ተላጦ ወደኛ መጣ። ርዝመቱ ስምንት ሜትር አልፏል። ጋኖቹን ቁጠሯቸው።

ተማሪዎች፦ ስድስት።

እቴነሽ፦ ጎበዞች። ሠርገኞቹ ስንት ስንት ዓይን አላቸው?

ተማሪዎች፦ ሁለት ሁለት።

እቴነሽ፦ ግራ ጥግ ላይ ማሲንቆ የያዘው አዝማሪስ?

ተማሪዎች፦ አንድ።

እቴነሽ፦ ስለዚህ ምንድን ነው?

ተማሪዎች፦ ኃጥእ!

እቴነሽ፦ አያችሁ፣ ጌታ በተገኘበት ሠርግ እንኳ አንድ ኃጥእ አይጠፋም። ጆሮውስ ለምን ይሆን እንዲህ የተለቀው?

አንድ ተማሪ፦ ሐሜት ለመስማት።

(ሳቅ።)


4

ስለ ሳቁ አንድ ነገር ልበል። እቴነሽ ያንን ሳቅ ትወደዋለች። ልጆቹ ጋኑን ይረሱታል፣ ሙሽራዋን ይረሷታል፣ አዝማሪውን ግን ቤታቸው ድረስ ይዘውት ይሄዳሉ። ገለጻው ካማረ ዘንድ በሙዚየሙ በራሪ ወረቀት ላይም ታተመ። አዳዲስ አስጎብኚዎች ሲመጡም መጀመሪያ የሚያጠኑት እሱን ነው።

ማንም የማያውቀው ደግሞ አለ። ጠዋት በሩን ከፍታ ስትገባ ሰላም የምትለው ሙሽራዋን አይደለም፣ ሐዋርያትንም አይደለም። ቀጥ ብላ ግራ ጥግ ትሄድና «እንደምን አደርክ» ትለዋለች። እዚያው ቆማም ታየዋለች። የማሲንቆውን ክር ሠዓሊው በአንድ መስመር አልተገላገለውም፤ የፈረስ ጭራ መሆኑ እንዲታወቅ ፀጉር በፀጉር ስሎታል። የግራ እጁ ጣቶች ክሩን ሲጫኑ ጫፋቸው ትንሽ ነጣ ብሏል። አፉ ዝግ ነው። ልብሱ ሙሽራው ከለበሰው ይበልጣል፤ እንዲያ ያለ ቀይ በሥዕሉ ውስጥ ሌላ ቦታ የለም።

ለአንድ ኃጥእ ይህን ያህል ድካም ምን አስፈለገ? እቴነሽ ይህን ጠይቃ አታውቅም። እኔም ብሆን አልጠይቅም ነበር። ሰው የሚስቅለት ገለጻ በእጁ ያለ ሰው ምን ቆርጦት ይመረምራል።


5

የቅርስ ማዛወሪያ ቅጽ

የቅርሱ ዓይነት፦ የግድግዳ ሥዕል፣ ከአራት ቁራጭ አራተኛው (ግራ ጠርዝ)

ወርድ፦ 1 ሜትር ከ15

አሁን ያለበት፦ አሮጌው አዳራሽ

የሚዛወርበት፦ ግምጃ ቤት (ተጠቅልሎ)

ምክንያት፦ የአዲሱ አዳራሽ ግድግዳ 7 ሜትር ብቻ በመሆኑ፤ በቁራጩ ላይ ያለው ኃጥእ አዝማሪም ፊቱን ከሠርጉ ያዞረና ከታሪኩ ጋር የማይያያዝ በመሆኑ

የገለጻው ምንጭ፦ ወ/ሮ እቴነሽ፣ አስጎብኚ

የኃላፊ ፊርማ፦



6

ፊርማው ባዶ የሆነው ረስቼው አይደለም። የሙዚየሙ ኃላፊ አቶ ይበልጣል ሰኞ ሊፈርሙ ቀጥረዋል።

አቶ ይበልጣል ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንደዚያ አድርጋችሁ እንዳታስቧቸው። የአሮጌው አዳራሽ ጣራ ማፍሰስ ጀምሯል። ሥዕሉ በክረምት ከመበስበሱ በፊት ወደ አዲሱ አዳራሽ መግባት አለበት። ግድግዳውን በሜትር ሦስት ጊዜ ለኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ሰባት ሜትር ሆነ። ከአራቱ ቁራጭ አንዱ መቅረቱ ነው። ጌታን አይተዉ፣ ሙሽሮቹን አይተዉ፣ ጋኖቹን አይተዉ።

«እትዬ እቴነሽ፣ ኃጥእ ነው የሚሉት እርስዎ ራስዎ አይደሉ?» አሏት።

«ነኝ።»

«ታዲያ ከሠርገኛው መሃል ኃጥኡ ቢቀር ማን ይቀየማል?»

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አምስት ሸማ ተጠቅልሎ ግምጃ ቤት ሲገባ አይታለች፤ አንዱም ሲወጣ አላየችም። የቆየ ቀለም ሲጠቀለል ይሰነጠቃል፤ ሲፈታ ወለሉ ላይ ይረግፋል። ይህን ሁሉ ታውቃለች። ግን ምን ትበል? የፈረደበት የገዛ አፏ ነው። ቤቷ ገብታ እራት ሳትበላ ተኛች።


7

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ለአሮጌው አዳራሽ መሰናበቻ የሙዚቃ ዝግጅት ሆነ። ማሲንቆ ተጫዋቹ ደምለው ይባላል። ስልሳ ዓመት ያለፈው፣ ቀጭን፣ ኮቱ ሰፍቶት የተንጠለጠለ ሰው ነው። ወንበሩን ሥዕሉ ሥር አድርገውለታል። ማይክሮፎን ሲያቀርቡለት በክንዱ ገፋ አደረገው።

ሙዚቃን በጽሑፍ ማሰማት አልችልም። የምችለው መመሪያ መስጠት ነው፦

ስልክዎን ያጥፉ። የድንጋይ ግድግዳ ያለው፣ ጣራው ከፍ ያለ አዳራሽ ውስጥ እንደተቀመጡ ያስቡ። ሰማንያ ሰው አብሮዎት ተቀምጧል፤ አንዱ ያስላል። ሽማግሌው ደጋኑን ክሩ ላይ ያሳርፋል እንጂ ገና አይስብም። ያሳለው ሰውዬ ዝም ይላል። አሁን ይስባል።



እዚህ ላይ ባዶ የተውኩት ሰነፍ ስለሆንኩ አይደለም።


8

እቴነሽ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። አስጎብኚ ስለሆነች መቀመጥ አልለመደችም። የማሲንቆው ክር አንዲት ናት፤ ከአንዲት ክር የወጣው ድምፅ ግን ግድግዳውን ዞሮ ከኋላዋ መጣባት። የሁለቱን ቀን ጭንቀቷን ረሳች። ደስ አላት። ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንድ ነገር ሲሠራ ኖሮ እንዲህ አሳምሮ ሲችልበት ማየት ደስ ይላል፤ እቴነሽም የተሰማት ይኸው ነው።

ጨዋታው ሲሞቅ ግጥም ሰጪዎች ተነሡ። መቼም ታውቁታላችሁ፦ አዝማሪ ሲጫወት ከአድማጩ አንዱ «ተቀበል» ይልና ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል።

አንዲት ተማሪ፦ ተቀበል!

ደምለው፦ እሺ የኔ እመቤት።

ተማሪዋ፦ ትኬት ቆርጬ ገባሁ ሥዕል አያለሁ ብዬ፣

ደምለው፦ እሺ።

ተማሪዋ፦ አንተን ሳይ ዋልኩልህ ግድግዳውን ጥዬ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ደምለው ግጥሙን ተቀብሎ፣ አዙሮ፣ አሳምሮ መለሰላት። እቴነሽ ግን አልሳቀችም። የምታየው ልጅቷ ስትናገር ደምለው ያደረገውን ነው።

ልጅቷ ስትናገር እሱ አላያትም። አንገቱን አዙሮ የሰጣት ጆሮውን ነው። አፉን ገጠመ። ደጋኑን አላቆመውም፤ ቃሏ እንዲሰማው በቀስታ፣ እንዳለ ለማለት ያህል ብቻ ይጎትተዋል። እቴነሽ ከቆመችበት የሚታያት የፊቱ ጎን ብቻ ነበር። የሚታያት ዓይን፦

አንድ።


9

ቀና ብላ ከራሱ በላይ ያለውን ሥዕል አየች። ከዚያ ደምለውን አየች። ከዚያ ሥዕሉን።

የዞረ አንገት። የተገጠመ አፍ። ክሩ ላይ ላላ ያለ ደጋን። እሷ ሐሜት ለመስማት ነው እያለች ሕፃናት ያሳቀችበት ጆሮ።

ለመጀመሪያ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።


10

በእረፍቱ ሰዓት ሻይ ይዛለት ሄደች።

«ጋሼ ደምለው፣ ግጥም ሲሰጡዎት ለምን ዞር ይላሉ?»

«ሰጪውን ፊት ለፊት ካየሁት መልኩን አያለሁ እንጂ ቃሉን አልሰማም፣ የኔ እመቤት። ዓይን ይቀድማል። አባቴ ሲያስተምረኝ ገና ከመጀመሪያው ጆሮህን ስጥ ነው ያለኝ።»

«እስቲ እሱን ይዩልኝ» አለችና ወደ ሥዕሉ አሳየችው።

ደምለው ሻዩን አስቀመጠ። መነጽሩን አወጣ። ወደ ሥዕሉ ጠጋ አለ።

«ይሄማ እየተቀበለ ነው» አለ። «ደጋኑን አታዪውም? ማን ነው የሳለው? ይህ ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ አይቶታል። ሳያይ እንዲህ አይሳልም።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኃጥእ ነው ስል ኖርኩ። በኔ ቃል ነው ሰኞ የሚጠቀለለው።»

«ተሳስቻለሁ በያቸዋ።»

«እዚህ ሁሉ ሰው ፊት? በወረቀት ታትሟል እኮ። አለቃዬ ፊት ወንበር ላይ ናቸው። ያስተማርኳቸው አስጎብኚዎች ከኋላ ቆመዋል።»

ደምለው ሻዩን አነሣ። «በግጥም ስጪኝ። በግጥም የተባለ ነገር ያስቃል እንጂ አያሳፍርም። የቀረውን እኔ እሸከምልሻለሁ።»

እቴነሽ በሕይወቷ ለአዝማሪ ግጥም ሰጥታ አታውቅም።


11

(የደራሲው ማስታወሻ። እዚህ ጋ በሌላ መንገድ ልጽፈው ሞክሬ ነበር፦ ቢሮ ገብታ ለኃላፊው በእርጋታ ስታስረዳ፣ እሳቸውም ሲገባቸው። ቀደድኩት። እውነቱ ሌላ ነበር። ሦስት ጊዜ ልትነሣ ብላ ሦስት ጊዜ ተቀመጠች። ሁለት ጊዜ ሌሎች ቀደሟት። በሦስተኛው ማንም አልቀደማትም፤ ፈርታ ነው።)


12

በአራተኛው ተነሣችና «ተቀበል» አለች።

ድምፅዋ የአስጎብኚ ነውና አዳራሹን ሞላው። አቶ ይበልጣል ዞረው አዩዋት። ደምለው አንገቱን አዞረ፣ ጆሮውን ሰጣት።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኃጥእ ነው ያልኩት ሰው፣»

«እሺ።»

«ግጥም ሲቀበል ነው አንገቱን ያዞረው።»

ደምለው ደጋኑን አንድ ጊዜ ረጅም አድርጎ ሳበው። ከዚያ ከወንበሩ ተነሣ፣ ፊቱን ወደ ግራ ጥግ አዞረና ግጥሙን ለአዝማሪው ዘፈነለት። አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ። አንድ ጊዜ ከፍ አድርጎ። ሦስተኛውን አዳራሹ አብሮት አለው።

ሰማንያው ሰው በሙሉ አንገቱን ወደ ሥዕሉ አዙሮ ነበር። በዚያች ሰዓት ከበሩ በኩል ለሚያይ ሰው ሁሉም በጎን ይታያሉ፣ ሁሉም አንድ አንድ ዓይን አላቸው። አቶ ይበልጣልም ጭምር።

እቴነሽ አለቀሰች። አላፈረችም።


13

ሰኞ ጠዋት።

«ግጥሙ ጥሩ ነው፣ እትዬ» አሉ አቶ ይበልጣል። «ቅዳሜ ማታ ለባለቤቴም ነገርኳት። ግድግዳው ግን አልረዘመም።»

«ካለቀ ይታጠፋ።»

«ሥዕል ይታጠፋል?»

«ሸማው አይታጠፍም። የሱ ቁራጭ እንደሆነ ለብቻው ነው። ከጥጉ ዞሮ፣ በሩ ያለበት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከሠርጉም አይለይ።»

አቶ ይበልጣል ሜትራቸውን አወጡ። ከጥጉ እስከ በሩ ለኩ። አንድ ሜትር ከሃያ። ደግመው ለኩ። አንድ ሜትር ከሃያ። ሦስተኛ ጊዜ ለኩ፣ ልማዳቸው ነው። ከዚያ ቅጹን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧትና «ይቅደዱት» አሏት።

በራሪ ወረቀቶቹን እቴነሽ ራሷ በብዕር አረመቻቸው። ኃጥእ የሚለውን ሰርዛ ከላዩ የጻፈችው አንድ ቃል ነው፦ ተቀባይ። ከአረመችው በኋላ ስህተቱ የማን እንደነበረ ለሚጠይቃት ጎብኚ ሁሉ ትናገራለች፤ ይህንንም አሳምራ ነው የምትናገረው።


14

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ደምለው ከመሄዱ በፊት የጠየቃት።

«ግጥም ሰጪውስ የታለ?»

ፈለጉ። ከአዝማሪው በስተግራ ሰው የለም። ሸማው እዚያ ያልቃል፤ ጠርዙ የተቀደደ አይደለም፣ ተቀምቅሟል። ሠዓሊው ሰጪውን ያልሳለው ሆን ብሎ ነው።

አሁን ከሸማው ጠርዝ በስተግራ ያለው በሩ ነው።

እርስዎ ሲመጡ በዚያ በር ነው የሚገቡት። ደፉን ሲሻገሩ በግራዎ ቀይ የለበሰ ሰው አለ። ሠርጉን ትቶ፣ አፉን ገጥሞ፣ ደጋኑን አላልቶ ጆሮውን ሰጥቶዎታል። ከስንት ዘመን ጀምሮ እንደሚጠብቅ አላውቅም። እቴነሽ ከጎንዎ ቆማለች፤ አትቸኩልም፣ አታስረዳም። ተራው የእርስዎ ነው።

ተቀበል፦

. . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . .

. . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . .