በአንዲት ፊደል የተሳበበው ጎርፍ

ከሐርጌሳ ከፍ ብሎ በደረቁ ወንዝ ላይ የተጋደመው የጎማ ግድብ፣ አየር ሲሞላ የተኛ ዝሆን ይመስላል። ጎርፍ ሲበረታ አየሩ ይለቀቅና ጎማው መሬት ላይ ይለጠፋል፤ ውሃውም በላዩ ያልፋል። ሰሞኑን ግን በከተማው ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር የሚወራው ስለ ግድቡ ሳይሆን፣ የግድቡን የአየር ሞተር ስለሚያንቀሳቅሰው ስለ አቻምየለህ ነበር።

ከኢትዮጵያ የመጣው አቻምየለህ ሶማልኛን የለቃቀመው ከበርበራ መንገድ ሾፌሮች ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጎርፉ ድንገት ሲደርስ ከወንዙ ማዶ ስለነበር፣ ግድቡ አጠገብ ወዳለው ጥበቃ ወደ ዋርሳሜ ደወለ። ሊል የፈለገው «ኔፍታ ሲ ዳ» ነበር፤ ትንፋሹን፣ ማለትም የግድቡን አየር፣ ልቀቅ። ከአፉ የወጣው ግን «ኔፍካ ሲ ዳ» ሆነ፤ እንስሳውን ልቀቅ። ዋርሳሜም ታማኝ ሰው ነውና እየሮጠ ሄዶ ከጎጆው ጀርባ የታሰረውን በጉን ፈታው። ግድቡ እንደተነፋ ቀረ፤ ውሃው ወደ ጎን ገንፍሎ በወንዙ ዳር አትክልት የምታለማውን የሻሚስን የሽንኩርት ማሳ ጠራርጎ ወሰደው።

ድሬዳዋ ያደገችው የውሃ መሐንዲስ ኡባህ ወሬውን ስትሰማ እሷም ስቃ ነበር። ሳቋ የጠፋው የግድቡ ፕሮጀክት ኃላፊ ፈርሐን ቢሮው ጠርቶ ሲያዛት ነው፦ አቻምየለህ በወንዙ ዳር አትክልተኞች ፊት ቆሞ ጥፋቱ የምላሴ ነው ይላል፤ እሷ ትተረጉማለች፤ እሱ ከሥራ ይሰናበታል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል።

ኡባህ ማስተንፈሻውስ ብላ ጠየቀችው። ግድቡ ውሃ ከልክ ሲያልፍበት፣ ሰው ሳይነካው በራሱ አየር የሚያስወጣበት ማስተንፈሻ አለው። ፈርሐን ግን የውጭ እንግዶች ሲመጡ ግድቡ ወፍሮ ለፎቶ እንዲያምር ብሎ አዘግቶት ነበር። እንግዶቹ ከሄዱ ሰንብተዋል፤ ማስተንፈሻው ግን እንደተዘጋ ነው። ፈርሐን ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ፣ እሱ ቴክኒካል ጉዳይ ነው፣ ሕዝቡ አይገባውም አላት።

አይገባውም! ከልጅነቱ ጀምሮ ጄሪካን ይዞ ውሃ ሲጠብቅ የኖረ ሕዝብ፣ የውሃ ነገር አይገባውም ተባለ።

ሐሙስ ዕለት አትክልተኞቹ በወንዙ ዳር ተሰበሰቡ፤ ፈርሐንም መጣ። አቻምየለህ አንገቱን ደፍቶ የታዘዘውን በአማርኛ ተናገረ። ኡባህ አልተረጎመችም።

«ምን አለ?» አለች ሰው ሁሉ ኤዶ፣ አክስቴ፣ የሚላት ሻሚስ።

«ኤዶ፣ በል የተባለውን ነው ያለው። እውነቱ ሌላ ነው» አለችና የማስተንፈሻውን ነገር አንድም ሳታስቀር በሶማልኛ ዘረገፈችው። ፈርሐን በእንግሊዝኛ አፍሽን ዝጊ አላት። ኡባህም ያላትን እሱኑ ለተሰብሳቢው ተረጎመችው።

ሻሚስ ወደ ፈርሐን ዞረች።

«እኔ ሞኟ፣ ሽንኩርቴን አንዲት ፊደል በላችው ሲሉኝ ስስቅ ነበር። ለፎቶ ነው እንዴ ማሳዬ የጠፋው? ወላሂ፣ ይህን ልጅ የሚያባርር ሰው መጀመሪያ በእኔ ማሳ ላይ ያልፋል።»

አቻምየለህ ምን እያለች እንደሆነ ኡባህን በሹክሹክታ ጠየቃት።

«የሚያባርርህ ሰው በማሳዬ ላይ ነው የሚያልፈው አለች።»

«ማሳው እኮ የለም፣ ኢንጂነር።»

«የለም። ስለዚህ ማንም አያልፍም።»

ሻሚስ በበትሯ አቻምየለህ ቆሞ ጥፋቱን ያመነባትን ቦታ ለፈርሐን አሳየችው። አቻምየለህ ፈቀቅ አለ፤ ፈርሐንም ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ ዘግየት ብሎ፣ ሄዶ ቆመባት።