ጩጬ እንዳትይኝ

ሠላሳ ዓመት የሞላት ዓርብ ቀን ነው፤ ጠቡም የተነሳው በዚያው ዓርብ ጠዋት። ጠብ ከተባለ ነው እንግዲህ። አንዷ ብቻ የተቆጣችበት፣ ሌላዋ እሺ እሺ ያለችበት ነገር ነበር።

ጩጬ ይሏታል። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ናት። እናቷ አርባ ሁለት ዓመት ሆኗት፣ በቃኝ ብላ የሕፃን ልብሱን ሁሉ ለሰው ካደለች በኋላ ነው የመጣችው። ወንድሟ ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ ነበርና አልጋው ጫፍ ላይ ቆሞ፣ «ይቺ ጩጬ ደግሞ ከየት ተገኘች?» አለ። በዚያው ቀረ። በሰፈርም ጩጬ፣ በትምህርት ቤትም ጩጬ። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው መታወቂያዋ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ያን ዕለት ጠዋት ከቀሚሷ ዚፕ ጋር ስትታገል አረፈደች። የሰው ልብስ ስታሰፋና ስታጠብብ የምትውል ሴት፣ የራሷ ዚፕ አልዘጋ አላት። በመርፌ ቁልፍ ያዝ አድርጋው፣ ከላይ ሹራብ ደርባበት ሦስቱን ፎቅ እየሮጠች ወረደች። ታች አውቶቡስ የሚጠብቁት ልጆች አጠገብ ስትደርስ መስኮቱ ተከፈተ።

«ጩጬ! ጩጬዬ! ሻርፕሽን ረሳሽ! ጉሮሮሽን ይመታሻል!»

ሻርፑ ቢጫ ነው። እናቷ በኪሮሽ የሠራችው፣ ጫፉ ላይ ድቡልቡል ኳስ ያለበት፣ የሕፃን ነገር። ጩጬ የረሳችው አውቃ ነበር። ከልጆቹ አንዱ ድምፁን አቅጥኖ፣ «ጩጬዬ፣ ሻርፕሽን!» አለና ሌሎቹ በሳቅ ሞቱ።

ሦስቱን ፎቅ ተመልሳ ወጣች።

«እማዬ፣ ዛሬ ስንት ሞላኝ?»

እናቷ አሰብ አደረገች። «አደግሽ እንግዲህ።»

«ሠላሳ! ሠላሳ ዓመት! እኩዮቼ ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳሉ፣ እኔ በመስኮት ጩጬ እባላለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ጩጬ እንዳትይኝ። ሁለተኛ እንዳልሰማ!»

«ታዲያ ምን ልበልሽ?»

«እንደ ትልቅ ሰው ጥሪኝ።»

«እሺ» አለች እናቷ። ሻርፑን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። «እሺ። እንደ ትልቅ ሰው።»

ጩጬ በሩን ወርውራ ዘግታው ወጣች። ሻርፑን አልወሰደችም።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ቢያልፍ ጥሩ ነበር። ግን እናትየው መርሳት ከጀመረች ዓመት ሆኗታል። ሻይ ውስጥ ጨው ትጨምራለች። መነጽሯን ዓይኗ ላይ አድርጋ መነጽሬን ትላለች። አንድ ቀን ድስት አሳርራ ቤቱን ጭስ በጭስ አደረገችው። ወንድምየው ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው፤ መካኒክ ነው፣ ግቢ አለው፣ ሚስቱም ከቤት አትወጣም። እናቱን ልውሰዳት ካለ ቆይቷል። ጩጬ ድርቅ አለች። ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው በመጨረሻ የተስማሙት በአንድ ነገር ነው፦ «አንቺን እስካወቀችሽ ድረስ አንቺ ዘንድ ትቀመጥ። አንቺን ያላወቀች ቀን ግን ይዣት እሄዳለሁ።» ጩጬም እሺ አለች። እናቷ እሷን የማታውቅበት ቀን ይመጣል ብላ መቼ አሰበች! እሁድ ደግሞ ሊጠይቃቸው ይመጣል።

ጩጬ ልብስ ማስተካከያ ሱቅ ውስጥ ነው የምትሠራው። እሷ የስፌት መኪናው ላይ፣ ጓደኛዋ ካውያው ላይ። ባለካውያዋ አፈኛ ናት። ጩጬ የጠዋቱን ስትነግራት እንፋሎቱ ውስጥ ሆና ሳቀች።

«እናትሽ ጩጬ ካላለችሽ ማን ሊልሽ ነው? ባል እንደሆነ ገና በመንገድ ላይ ነው።»

«በእግሩ ነው መሰለኝ የሚመጣው» አለች ጩጬ።

ከምሳ በኋላ አንዲት ተማሪ ሱሪ ይዛ ገባች። ጩጬ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ተንበርክካ፣ አፏ ውስጥ ስፒል ይዛ፣ የልጅቷን ሱሪ እግር በሳሙና ስታሰምር፣ ልጅቷ ከላይ ሆና፣ «እትዬ፣ ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ» አለቻት።

እትዬ! ጩጬ ስፒሉን ልትውጠው ነበር። ባለካውያዋ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ተሾምሽ!» ብላ ጮኸች።

ቀኑን ሙሉ ይሄ ሲከነክናት ዋለ። ጠዋት ጩጬ፣ ከሰዓት እትዬ። መሀሉ የት ሄደ? ሰው ትንሽ እንኳ መሀል ላይ አይቆምም? በንዴት አንድ ዚፕ ገልብጣ ሰፍታ ሁለት ጊዜ ፈታችው። ሲመሽ ግን ንዴቷ በርዶ ነበር። ከሥራ ስትወጣ ሁለት ቁራጭ ኬክ አስጠቀለለች። እናቷ ጣፋጭ ነገር ካየች ዓይኗ ይበራል። እንታረቃለን፣ አለች በልቧ።

በሩን ስትከፍት እናቷ ከወንበሯ ብድግ አለች። እናት ለልጇ ብድግ ትላለች?

«ይግቡ፣ ይግቡ። ማንን ፈልገው ነው?»

ጩጬ ሳቀች። እናቷ ቀልደኛ ናት፤ ዕድሜ ልኳን ሰው ስታስቅ የኖረች። «ጎሽ! ተበቀልሽኝ። እንደ ትልቅ ሰው ጥሪኝ ብልሽ አንቱ አልሽኝ።»

«ይቀመጡ እንጂ። ልጄ አሁን ትመጣለች። ለእሷ ነው የመጡት?»

«እማዬ፣ ይበቃል በቃ። ኬክ ይዤልሻለሁ።»

«ውይ፣ ምን አስቸገረዎት!» እናቷ ጥቅሉን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ ከእንግዳ እንደሚቀበሉት። ከፈተችው። አንዱን ቁራጭ ሳህን ላይ አድርጋ ለጩጬ አቀረበችላት። ሌላውን ሌላ ሳህን ላይ አድርጋ ክዳን ደፋችበት። «ይቺ ለልጄ ትቀመጥ። ኬክ ነፍሷ ነው።»

ጩጬ የገባት ያኔ ነው። ቀልድ ቢሆን ኖሮ እናቷ ኬኩን ትበላው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ያላደረገችው የለም። ዓርብ በገዛ አፏ የከለከለችውን ስም በገዛ አፏ ትለምንበት ጀመር። «ጩጬ ነኝ እኮ፣ እማዬ። ጩጬ!»

እናቷ ሳቀች፤ በጨዋ ሰው ሳቅ። «እርስዎ? አይ፣ ጩጬማ ይህችን ታህላለች» ብላ እጇን ከጠረጴዛው ዝቅ አድርጋ አሳየቻት። ጩጬ ፀጉሯን ወደ ላይ ገፍታ ግንባሯ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየቻት፤ ስድስት ዓመቷ እያለ ደረጃው ላይ የወደቀችበትን። ያን ቀን እናቷ በባዶ እግሯ ተሸክማት ሐኪም ቤት ድረስ ሮጣለች። አሁን ጠባሳውን በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው። ፊቷ በሐዘኔታ ተሸበሸበ።

«እኔን! ምን ሆነው ነው? እናትዎ የት ሄደው ነበር?»

«እዚሁ ነበሩ» አለች ጩጬ።

ይሄ ሁሉ የእኔ ጥፋት ነው ብላ ደመደመች። ሐኪም ቢጠየቅ አይደለም ይል ይሆናል። እሷ ግን ልቧ አልተቀበለም። እናቷ በአንዲት ቃል ተንጠልጥላ ኖሮ፣ ያችን ቃል እሷ በመቀስ ቆረጠቻት። ስፌት ቢሆን ደግማ ትሰፋው ነበር።

ቅዳሜ ሥራ ግማሽ ቀን ነው። እኩለ ቀን ላይ ስትመለስ የምድር ቤቷን ጎረቤት ከእናቷ ጋር ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። እናቷ በነጠላ ጫማ ናት፤ ቢጫውን ሻርፕ ደረቷ ላይ ይዛዋለች።

«ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ አገኘኋት» አለች ጎረቤቷ። «ጩጬ ልትወጣ ነው፣ ይበርዳታል ትለኛለች። ቅዳሜ ነው ብላት አትሰማም። ዋናውን መንገድ ብቻዋን ተሻግራ እኮ ነው፤ ያን ሁሉ መኪና! ወንድምሽ ነገ ይመጣል አይደል? ንገሪው።»

«እትዬ፣ በሞቴ እንዳይነግሩት!»

ሴትዮዋ አየቻት፣ አየቻትና፣ «እኔስ አልነግረውም» አለች። «መኪናው ግን አንቺንም እኔንም አይጠይቅም።»

እሁድ ወንድምየው ብርቱካን ተሸክሞ መጣ። ረጅም ነው፤ የበሩ ጉበን ሁልጊዜ ግንባሩን ይመታዋል።

«አንተ ቀውላላ! ዝቅ በል!» አለች እናቱ።

አወቀችው። ወዲያው፣ ሳታመነታ። ጩጬ ደስ ይበላት ይክፋት አላወቀችም። ማጀት ገብታ ብርቱካኑን ስታጥብ የሚያወሩትን ትሰማለች። ስለ ጉልበቱ ትጠይቀዋለች፣ ስለ ልጆቹ ትጠይቀዋለች፤ ደህና ሰው ናት። ጩጬ ሳህኑን ይዛ ስትገባ ግን እናቷ ብድግ አለች።

«እግዜር ይስጥልኝ። ለምን ደከሙ? ይቀመጡ።»

ወንድምየው ከእናቱ ወደ እህቱ፣ ከእህቱ ወደ እናቱ አየ። ጩጬ ግን ሌሊቱን መልሱን ስታዘጋጅ ነው ያደረችው።

«እየቀለደችብኝ ነው፣ ጋሼ። ዓርብ ሠላሳ ሞላኝና ጩጬ እንዳትይኝ፣ እንደ ትልቅ ሰው ጥሪኝ አልኳት። ይኸው እልሁን አልለቅ ብላ ሦስት ቀን ሙሉ አንቱ ስትለኝ ሰነበተች!»

ወንድምየው ጭኑን መታና ሳቀ። «እማዬ ሙች! አንቺ እኮ አታረጅም!» እናቱም ሲስቅ አይታ ሳቀች። ጩጬም ሳቀች። ሦስቱም ሳቁ። አለቀ፤ ረታች። ወንድሟ ማታ አውቶቡሱን ይዞ ይሄዳል፣ እናቷም እዚሁ ትቀራለች።

ወንድሟ እጁን ሊታጠብ ገባ። እናቷ ወደ ጩጬ ዘንበል አለችና እጇን ያዘች። እጇ የሞቀ ነው፤ ያው የድሮው እጅ።

«ቅር እንዳይልዎት» አለቻት በቀስታ፣ «መሽቷል። ከዓርብ ጀምሮ እኛው ዘንድ ነዎት። እናትዎ ይጠብቁዎታል። እናት ስትጠብቅ ክፉ ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ። እኔም አሁን ልጄን ላመጣ መሄዴ ነው።»

ተነሣች። ሻርፑን ከወንበሩ ላይ አነሣች። ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ አገኘች፣ በሩንም ከፈተች። ጩጬ ቁጭ ብላ አየቻት። ነገ ሰኞ ነው። ነገ እሷ መኪናው ላይ ተደፍታ የሰው ሱሪ ስታሳጥር፣ ይሄ በር እንዲሁ ይከፈታል። ዋናው መንገድም እዚያው ነው።

«ጋሼ!» ብላ ጮኸች። «ጋሼ፣ ያዛት! ዋሽቼሃለሁ።»

ወንድሟ እጁ ውሃ እያንጠባጠበ ወጣ። ሁሉንም ነገረችው፤ ጠባሳውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ኬኩን። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «አንቺ ጩጬ» አለ ብቻ።

ሰኞ ጠዋት መናኸሪያው ብርድ ነበር። ወንድሟ ሻንጣውን ሊያስጭን ሄደ። እናቷ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች፤ ጩጬ ከታች ቆማለች። ዓርብም እንዲህ ነበሩ፤ አንዷ ከላይ መስኮት ላይ፣ አንዷ ከታች።

«እርስዎን ላስቸግር» አለች እናቷ መስኮቱን ገፋ አድርጋ። ሻርፑን አወጣችላት። «ልጄ ስትመጣ ይስጡልኝ። ትንሽ ተቀይማኛለች መሰለኝ፣ ሳትወስደው ወጣች። በምን እንዳስቀየምኳት አላውቅም። እናትሽ አልተቀየመችሽም ይበሉልኝ። አደራ።»

«እነግራታለሁ፣ እማዬ።»

እናቷ ፊቷ በራ። ዞር ብላ ከጎኗ ሊቀመጥ ለመጣው ልጇ፣ «እማዬ አሉኝ እኮ!» አለችው። «እንዴት ያሉ ጨዋ ሰው ናቸው!»

ወንድሟ ፊቱን ወደ ማዶ አዞረ። አውቶቡሱ ሄደ።

ጩጬ በእግሯ ወደ ሥራ አቀናች። ንፋሱ ጉሮሮዋ ውስጥ ይገባል። ሻርፑን ግን አልለበሰችውም። አራት ቦታ አጣጥፋ፣ ድቡልቡሉን ኳስ ወደ ውስጥ አድርጋ፣ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀመጠችው። የሰው አደራ ነው።